መጣሁ ብዬ ሄድኩ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
የቆርቆሮ መጋዘን የማታ ጥበቃ
ነኝ።
ሌሊት ፌሮ ብረት፣ ሲሚንቶ እቆጥራለሁ፤
ሲነጋ በእንግሊዝኛ መዝገብ እሞላለሁ።
ትእዛዝ ነው። አለቃው የባሕር ማዶ ሰው ነው፤
ያደረውን ነገር በገዛ ቋንቋው ነው
ማንበብ የሚፈልገው።
ዘጠነኛ ክፍል ጥዬው የወጣሁት ቋንቋ
በሃምሳ ሁለት ዓመቴ በሬን አንኳኳ።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኩለኒ ትባላለች፤
መዝገቡ ሳይቀርብ በፊት ታነበዋለች፣
በአረንጓዴ እስክሪብቶ። ቀይ ቀለም አትወድም፦
«ቀይ ሰው ያስደነግጣል፤ ሰው ደንግጦ አይማርም።»

መጀመሪያ ሰሞን፣ ነፋሱ ሲመታኝ፣
ራሴን ሲፈልጠኝ አድሮ ሲያንገላታኝ፣
«ማይሰልፍ ኢዝ ሲክ» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ።
ከጎኑ አረንጓዴ ጥያቄ አገኘሁ፦
«ጋሼ፣ የታመመው ማነው?
ጭንቅላትዎ ነው ወይስ ሁለመናዎ ነው?»
ሳቅኩኝ። ግን ማታውን ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳስብ
ለካ ጭንቅላቱን «ራሴ» የሚል ሕዝብ
ነን። እግሬስ ታዲያ የማን ኖሯል?
ይኼ የሚቆረጥመኝ ወገቤስ?

ሌላ ማታ ደግሞ ባትሪ ድንጋይ አልቆብኝ፣
ሱቁ ቅርብ ነው ብዬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣
በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ «አይ ኬም» ብዬ
ሮጥኩኝ በጭቃው ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ።
አለቃው በዚያችው አምስት ደቂቃ ደረሰ።
ወረቀቱ «መጥቻለሁ» ይላል፤
ወንበሩ «የለም» ይላል።
የሦስት ቀን ደመወዝ።
ኩለኒ ወረቀቱን አላስጣለችኝም፦
«ይቀመጥ፤ ይህን ስሕተት ሁለተኛ አይሠሩትም።»
እኔ ግን አኮረፍኩ። ምናለ ቢገባቸው!
እኛ ሰፈር ሰው ሲሄድ ነው «መጣሁ» የሚለው፤
«ሄድኩ» ካለማ ተጣልቷል፣ ወይ ላይመለስ ነው።

ደብተር ገዛሁ፣ ስሕተቴን የማኖርበት።
ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ?
ሌሊት ውሻ ሲጮኽ፣ ከወንዙ ማዶ ጅብ ሲመልስ፣
አንዱን አነሳለሁ፣ አፈርሰዋለሁ ደግሜ ልቀልስ።
በብዙ ቁጥር ላይ ግን አልታረም አልኩኝ።
ሁለት ካልኩ ሁለት ነው! ኤሷ ምን ትሠራለች?
ጭራ ሆና ከኋላ ትንጠለጠላለች።

ነሐሴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ታረቀኝ በባጃጅ መጣ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
ሄደ ሁለት ኩንታል ጭኖ ሲሚንቶ።
የጫኚዎች አለቃ፤ እዚህ ያስቀጠረኝ፤
ዋሴ።
ቀና ብሎም አላየኝ።

ሲነጋ ጻፍኩ፦ «አይ ዲድ ኖት ሲ ናቲንግ።»
ምንም አላየሁም ማለቴ ነው።
ኩለኒ አነበበች። አረንጓዴው ቆመ።
«ጋሼ፣ በአማርኛ ሁለት የለም ይደጋገፋል፤
በነሱ ግን አንዱ ሌላውን ይሽራል።
ይህ የጻፉት፣ የሆነ ነገር አይቻለሁ ይላል።
ላርመው? ወይስ እንዲሁ ልተወው?»

ያማረ ውሸት ለመጻፍ ሰዋስው አልበቃኝም።
መዝገቡን ከእጇ ወሰድኩ፣ ሰረዝኩት።
«ሲ» ኃላፊ ጊዜው ማን ነበር?
ደብተሬ ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ፣
ሁለቴ ተሳስቼበት ሁለቴ የታረመ፦
«ሶው»። የመጋዝም ስሙ ይኸው ነው አሉኝ።
«አይ ሶው» አልኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
የተደገፍኩበት ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ተሰማኝ።
ከዚያ ሰዓቱን፣ የባጃጁን ታርጋ፣
ስሙን በሙሉ፣
«ቱ ባግ ሴመንት»።

ዝም ብላ አነበበች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ወደ በሩ አየች፣ ጫኚዎቹ እየገቡ ነበር።
ከዚያ «ባግ» የሚለው ጫፍ ላይ
አንዲት አረንጓዴ ኤስ ሰካችና
«ይቺንስ» አለች ቀስ ብላ፣
«ማን ሰርቋት ነው?»